ለታራንቱላህ የማሞቂያ ምንጣፍ ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳይ የዛሬ 3 ዓመቱ ጥር መጣብኝ። ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፍልህ። «ቺሌ ሮዝ ታራንቱላዬ (ትልቋ ጸጉራም ሸረሪቴ) ከኅዳር ወዲህ አልበላ ብላለች፣ ሂተሩ ቤቱን አድርቆታል፣ ከሥሯ የሚነጠፍ ማሞቂያ ልግዛላት ወይስ በየቀኑ ውሃ ልርጭባት?» ነው ያልከው። ሁለቱንም ተው። እኔ ሁለቱንም ሞክሬ አንዷን ቀብሬያለሁ።

ሚኒሶታ ነኝ ካልክ መቼም አፓርታማህ እንደኔው የድሮ ነው፤ ራዲያተሩም ወይ ጭራሽ አይሞቅም፣ ወይ አይጠፋም። እንደዚያ ነው ብዬ ልቀጥል።

1. ምንጣፉን አትግዛ። ያኔ ሁለት ነበሩኝ። እቴጌ እንዳንተዋ ቺሌ ሮዝ ናት። ጎበዜ ደግሞ ጉልበቷ ቀይ የሆነው የሜክሲኮዋ ዓይነት ነበረች። ስሙን ያወጣሁላት ወንድ መስላኝ ነው። በ120 ዶላር ነበር የገዛኋት፤ ሴት መሆኗን ሳውቅ ደግሞ፣ ሴቶቹ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ስለሚኖሩ አብረን እናረጃለን ብዬ ነበር።

ውጪው ከዜሮ በታች 20 ፋራናይት በገባበት ሳምንት የሕንፃው ማሞቂያ ቀጥ አለ። ኦፊስ ደወልኩ። «ተመዝግቧል።» በማግስቱ ደወልኩ። «ተመዝግቧል ብዬሃለሁ እኮ!» በአካል ሄድኩ። ልጅቷ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «ጃኬት ደርብ» አለችኝ። እኔስ ልደርብ፣ ስምንት እግር ላላት ምን ጃኬት አለ? ይህን ደግሞ አፍ አውጥቼ መናገር አልችልም። ውሉ ላይ የተጻፈው ውሻና ድመት ነው። እንዲህ እያልን 9 ቀን።

ቤቱ 61 ዲግሪ ሲደርስ ደነገጥኩና ምንጣፉን ገዝቼ ከሁለቱም ሳጥን ሥር ዘረጋሁት። ዛሬ ሳስበው 61 ለጥቂት ቀን ምንም አያደርጋቸውም ነበር። ፈዘዝ ይላሉ፣ ምግብ ይተዋሉ፣ በቃ። አንተ በሸሚዝ የምትቀመጥበት ቤት፣ 68ም ይሁን 75፣ ለእነሱም ይበቃል።

በ9ኛው ቀን እኔ ሥራ ላይ እያለሁ የሕንፃው ማሞቂያ ተመለሰ። ራዲያተሩ ከጎን፣ ምንጣፉ ከታች። ማታ በሩን ስከፍት ቤቱ የጋለ ምጣድ ሆኗል። ታራንቱላ ሲሞቃት የምታውቀው መፍትሔ መቆፈር ነው። በአገሯ መሬቱ ወደ ታች በተሄደ ቁጥር ይቀዘቅዛላ! ጎበዜ ሙቀቱን ሽሽት ቆፍራ ቆፍራ ምንጣፉ ላይ ደረሰች። አፈሩ እንደ አመድ ደርቋል፤ ያገኘኋት ከሳጥኑ ወለል ጋር ተለጥፋ ነው።

እቴጌ ግድግዳው ላይ ስለወጣች ተረፈች። ግን ወርዳ እግሮቿን በሙሉ ወደ ሥሯ ሰብስባለች፤ ሆዷ ተሸብሽቦ ዘቢብ መስሏል። ታራንቱላ እግሯን የምትዘረጋው በውስጧ ባለው ፈሳሽ ግፊት ነው። ውሃ ሲያልቅባት ግፊቱ ይወርድና እግሯ እንደ ተጨበጠ መዳፍ ይታጠፋል። ይህን ካየህ ሰው አትጠይቅ፣ ፎቶም አትለጥፍ። እኔ የማር ጠርሙስ ክዳን ላይ ትንሽ ውሃ አፈሰስኩና በሾርባ ማንኪያ አንስቼ አፏን ጠርዙ ላይ አስጠጋሁት። አፏ ከሥር ነው። የምትተነፍስበትም ሆዷ ሥር ስለሆነ ሆዷ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቅ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ አንዷ እግር ሳብ አለች። ሲነጋ ቆማ ነበር።

አደራ፣ ይህን ቆዳ ከመቀየር ጋር እንዳታምታታው። ቆዳዋን ስትቀይር በጀርባዋ ትንጋለላለች፣ እግሮቿም ወደ ላይ ናቸው። የሞተች ትመስላለች፤ እንዳትነካት! ችግሩ በሆዷ በኩል ተቀምጣ እግሮቿን ከሥሯ ስትቆልፍ ነው።

2. መርጨቱ። ከጎበዜ በኋላ ያለ የሌለ ውሃ እረጭ ጀመር። ላዩ ይርሳል፣ ራዲያተሩ በአንድ ሰዓት ያደርቀዋል፣ እቴጌ ትበሳጫለች። ቺሌ ሮዝ እርጥብ አፈር አትወድም፤ ጫማው እንደራሰበት ሰው እግሯን እያነሳች ግድግዳ ትወጣለች። ይባስ ብዬ እርጥበቱ እንዳይወጣ የአየር ቀዳዳዎቹን በፕላስቲክ ሸፈንኩ። በሳምንቱ አፈሩ ሻገተ። የታፈነ አየር ከደረቅ አየር ይብሳል። አሁን የማደርገው ይኸው ነው፦ ያ የማር ጠርሙስ ክዳን ሁልጊዜ በውሃ የተሞላ፣ ስፖንጅ የሚባል የሌለበት፣ በ10 ቀን አንዴ ደግሞ አንዱን ጥግ ብቻ ውሃ አፈስበታለሁ። ስትፈልግ ትጠጋለች፣ ሳትፈልግ ትርቃለች። ርካሽ የእርጥበት መለኪያም አትመን። ሁለት ገዝቼ ጎን ለጎን ባስቀምጥ አንዱ 18 አለኝ፣ ሌላው 40። (ያንተዋ የዝናብ ደን ዘር ብትሆን፣ ለምሳሌ ጎልያድ የሚሏት፣ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር። ጎልያድ እርጥብ አፈር ትፈልጋለች።)

3. ስለ አለመብላቷ ልጽፍ ነበር፣ ግን ለእማዬ በቪዲዮ እቴጌን ያሳየሁ ቀን ትዝ አለኝ። መጀመሪያ አማተበች። ከኅዳር ጀምሮ አልበላችም ስላት ደግሞ «ታዲያ ጾመ ነቢያት ይዛ ነዋ፣ ተዋት» አለች። እኔ ከስንት ቪዲዮ የተማርኩት ምክር ይኸው ነው። ተዋት። እነዚህ ለወራት አለመብላት ልማዳቸው ነው። እቴጌ ከዚያ ጥር በኋላ 7 ወር ጾማ ነሐሴ ላይ አዲስ ቆዳ ለብሳ ብቅ አለች። ሆዷ ድብልብል እስካለ ድረስ አትጨነቅ። የምትሰጣትን ፌንጣ ግን ካልነካችው በማግስቱ አውጣው። ቆዳ በቀየረች ሰሞን ገላዋ ለስላሳ ነው፣ ያቺው ፌንጣ ትነክሳታለች።

የኦፊሱን መጨረሻ አልነገርኩህም። ራዲያተሩን ሊያይ የመጣው ሠራተኛ የእቴጌን ሳጥን ሲያይ የመሣሪያ ሻንጣውን ጥሎ ወጣ። ማሞቂያ ለመጠገን 9 ቀን የፈጀ ኦፊስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በማግስቱ አደረሰልኝ። ተከራክሬ ተከራክሬ አሁን እንደ ውሻ በወር 35 ዶላር ይከፈልባታል። እከፍላለሁ።

በል ምንጣፉን አዘህ ከሆነ አሁኑኑ ካንስል አድርግ። እግሯን ካልሰበሰበች የሆዷን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍ። ከላይ አይደለም፣ ከጎን።