ቅዳሴ ላይ እየወደቅኩ ተቸገርኩ፤ መንፈስ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምኖረው። ቅዳሴ ላይ ትንሽ እንደቆምኩ ልቤ ይደልቃል፣ ዐይኔ ይጨልማል። ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። ሐኪም «ስትቆሚ የሚነሣብሽ ሕመም ነው» ብሎኛል። ሰዎች ግን «ቅዳሴ የጠላ መንፈስ ነው» ይሉኛል። እንዳልቀመጥ ደግሞ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» (የተቀመጣችሁ ተነሡ) ሲባል እሳቀቃለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ታክሲ ሰልፍ ላይስ አያዞርሽም? እንደሚያዞርሽ እገምታለሁ። ታዲያ ቅዳሴ የጠላ መንፈስ ፒያሳ ታክሲ ሰልፍ ላይ ምን ይሠራል?

ይህን ስንቴ አየሁት መሰለሽ! አንድ እሑድ በሴቶች በኩል አንዲት ልጅ ወደቀች። ሦስት ሆነው ብብቷን ይዘው አቆሟት። ዐይኗ ተገለበጠ። «ያዘው፣ ሊለፈልፍ ነው!» አለ አንዱ። እንደገና አቆሟት፣ እንደገና ተዝለፈለፈች። በኋላ አንዲት እናት «ኧረ አስተኟት!» ብለው ተቆጡና እግሯን ጭናቸው ላይ ሰቀሉት። ብዙም ሳይቆይ ፊቷ ደም መሰለ። መንፈሱ አልለፈለፈም፤ ልጅቷ «ነጠላዬስ?» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንቆም ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። የጤነኛ ሰው የደም ሥር ጠበብ ብሎ ይመልሰዋል። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን የደም ግፊቱ ይወርዳል። ሌላው ላይ ግፊቱ ሳይወርድ በቆመ በ10 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምቱ በደቂቃ በ30 ምትና ከዚያ በላይ ይጨምራል። አንጎል ደም ሲያንሰው ሰው ይወድቃል። የወደቀን ሰው ደግፎ ማቆም ያብስበታል። ጠበል መርጨቱን አልከለክልም፤ መጀመሪያ ግን አስተኙ።

መቆም ሥርዓት መሆኑን ታውቂያለሽ፣ አልደግመውም። ግን ሙሴን አስቢ። እጁ ሲከብድበት ድንጋይ አመጡለት፤ ተቀምጦበት ጸለየ፤ አሮንና ሖር እጁን ደገፉት (ዘጸ. 17፥12)። «ቁም እንጂ!» ያለው አልነበረም። ጸሎቱም አልተመለሰበትም። ካህናቱስ መቋሚያ የሚደገፉት ለጌጥ ነው እንዴ? ለዓመታት ቆመው በመጸለይ የሚታወቁትን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን እየጠቀሰ የሚገስጽሽ አይጠፋም። የጻድቁ ተጋድሎ ግን በሽተኛ መክሰሻ ሆኖ አልተጻፈም።

ለመቁረብ 18 ሰዓት መጾሙ ሊከብድሽ ይችላል። ዝም ብለሽ አትታገዪ፤ ሐኪሙ ያለሽን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። እስከዚያው እሑድ በርጩማሽን ይዘሽ ግድግዳው ጥግ ተቀመጪ። ዐይንሽ መጨለም ሲጀምር ሳታፍሪ ጋደም በዪ። የሚያጉረመርም ካለ ወደ እኔ ላኪው።