ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ፦ መደበኛ አሠራር ወይስ የአብራሪ ውሳኔ?

የታቦር ልጅ፦ ካፒቴን፣ ጤና ይስጥልኝ። አየሩ ጥርት ብሎ፣ የሐዋሳ ማኮብኮቢያ ፊት ለፊት እየታየ፣ ፍጥነት ትንሽ በለጠ ተብሎ ማረፍ ለምን ይተዋል?

ካፒቴን፦ «ትንሽ» ስንት ነው? ቁጥር ይዘህ ጠይቅ። በብዙ አየር መንገዶች ማኮብኮቢያው በዓይን ሲታይ 500 ጫማ፣ ደመና ውስጥ ሲሆን 1,000 ጫማ ላይ ጎማው ወርዶ፣ ፍላፑ (የክንፉ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ተስተካክሎ፣ ቼክሊስቱ (በቅደም ተከተል የሚሠራው የሥራ ዝርዝር) ማለቅ አለበት። ፍጥነቱ ከታሰበው 10 ኖት አይለፍ፣ ከ5 በላይ አይጉደል፤ ቁልቁለቱ በደቂቃ ከ1,000 ጫማ አይብለጥ። አንዱ ካልተሟላ ጎ አራውንድ ነው፤ ማረፉን ትተህ እንደገና ወደ ላይ ትወጣለህ። ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። መሣሪያው 120 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ ወደ 132 ይሄዳል። ብሬኩ የሚያጠፋው ጉልበት በ21 በመቶ ይጨምራል። ይህን ዓይን አይለካውም። የተለየ ነገር ልታደርግ ከሆነ አብሮህ ለሚያበረው አብራሪ ቀድመህ ተናገር።

ፒያሳ፦ እ.ኤ.አ. በ2009 ኒው ዮርክ ውስጥ አውሮፕላናቸውን ሐድሰን ወንዝ ላይ ያሳረፉት አብራሪዎችስ? ደንብ ጥሰው አይደል የዳኑት?

ካፒቴን፦ ይህን የሚያነሳ ሁሉ ግማሹን ይተዋል። ሁለቱም ሞተሮች ኃይል ያጡት 2,800 ጫማ ገደማ ላይ ነው፤ ቼክሊስቱ የተዘጋጀው ከ20,000 ጫማ በላይ ለሚያጋጥም ችግር ነበር። ዋናው አብራሪ ኤሌክትሪክ እንዳይቋረጥ ኤፒዩውን (ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ትንሽ ረዳት ሞተር) በቼክሊስቱ ተራው ሳይደርስ አስነሳ። መሪውን ሲረከብ ግን በደንቡ መሠረት ተናግሮ ነው፤ ረዳቱም ቼክሊስቱን እየሠራ ነበር። 155ቱም ተረፉ።

ፒያሳ፦ ያው ልምድ ይበልጣል ማለት ነው።

የታቦር ልጅ፦ ወንድሜ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ታይፔይ፣ ታይዋን የደረሰውን የአውሮፕላን አደጋ አንብብ። ዋናው አብራሪ ልምድ አልጎደለውም።

ካፒቴን፦ ትክክል። ኤቲአር 72 የሚባል ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ነበር፤ ኃይል ያጣው ቀኙ ሞተር ሆኖ ሳለ የተቀነሰው ደህናው ግራው ነው። 43 ሰው አለቀ። አሠራሩ እኮ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ አውሮፕላኑን ማብረር፣ አስተማማኝ ከፍታ መያዝ። ከዚያ አንዱ አብራሪ የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ ይዞ «ቀኝ» ይላል፣ ሌላው አይቶ «ቀኝ፣ ትክክል» ሳይል አይሳብም። ተናገር የምለው ለዚህ ነው።

ዓሣ ገበያ፦ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከአሞራ ገደል፣ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ ተነስቶ ሞተር ውስጥ ቢገባስ? የዓሣ ተረፈ ምርቱ ነው የሚሰበስባቸው።

ፒያሳ፦ ተረፈ ምርቱማ ድሮም ነበር፤ አሁን ምን ተገኘ?

ካፒቴን፦ ስለ ዓሣው ሌላ ቦታ ተነጋገሩ። ለመነሳት ስትሮጥ ቪዋን የሚባል የውሳኔ ፍጥነት አለ፤ ሞተሩ ከዚያ በፊት ከጠፋ አውሮፕላኑ ይቆማል፣ ፍጥነቱ ካለፈ በኋላ ከጠፋ ግን ይነሳል።

አዲስ ተማሪ፦ ስለዚህ ደንብ ይሻላል ወይስ ውሳኔ?

ካፒቴን፦ ከላይ መልሻለሁ፣ አንብብ።

አዲስ ተማሪ፦ ይቅርታ። ከቪዋን በኋላ ማኮብኮቢያው የሚበቃ ቢመስለኝስ?

ካፒቴን፦ ይህ ጥያቄ ነው። «ቪዋን» ሲባል ዋናው አብራሪ እጁን ከኃይል መቆጣጠሪያው ላይ ያነሳል፤ ደንግጦ እንዳይስብ። ስሌቱ ክብደቱን፣ ሙቀቱንና ከፍታውን ይዞ ከመነሳትህ በፊት አልቋል፤ በዚያች ሰከንድ አዲስ ስሌት አትሠራም።