«ጋሼ፣ ካሴቱን ተሳስተው ነው የቀዱልን»

የወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ የሚወደው የሄቪ ሜታል (የከባድ ሮክ) ባንድ ድምፃዊውን ቀየረ። ጓደኞቹ ለሁለት ተከፍለው መነጋገር አቁመዋል። ግማሾቹ «ባንዱ ስሙን መለወጥ አለበት» ይላሉ። እሱ ደግሞ አዲሱን አልበም ከእነርሱ ደብቆ ያዳምጣል። «አድናቂ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይስ የእኛ ሰዎች ብቻ ናቸው?» ሲል ይጠይቃል። ዕድሜው ሃያ ሁለት መሆኑን ስለ ነገረን «አንተ» ብዬ ብጠራው ቅር እንደማይለው ተስፋ አለኝ፤ እኔ በዚህ ሙዚቃ ላይ ፀጉሬን አሽብቻለሁ።

አዎ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። እኔ ራሴ ካንተ ጓደኞች የባሰ ሠርቻለሁ።

ዘመኑ 1989 ዓ.ም. ነበር። የሄቪ ሜታል ካሴት በእጃችን የሚገባው ወይ ከውጭ የመጣ ዘመድ ሲያመጣ፣ ወይ ደግሞ ዋናውን የያዘ ሰው ተለምኖ ሙዚቃ ቤት ሲያስቀዳልን ነበር። ሦስት የአንድ ክፍል ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን፣ ፒያሳ ከሲኒማ ኢትዮጵያ ብዙም በማይርቅ ሙዚቃ ቤት የእንግሊዙን ባንድ የአይረን ሜይደንን አዲስ አልበም አስቀዳን። ሽፋን የለው፣ ፎቶግራፍ የለው፤ ባለ ሙዚቃ ቤቱ በሰማያዊ እስክሪብቶ «አይረን» ብለው ጽፈው ሰጡን። ቤት ወስደን ከፈትነው። መጀመሪያ መነኮሳት የሚያዜሙ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ ይሁን አልን። ባሱ ገባ፤ የስቲቭ ሃሪስ ባስ ነው፣ አያሳስትም። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ግን ሌላ ሰው ሆነብን። ጎርናና፣ ከደረት የሚወጣ፣ ያዘነ ድምፅ።

በማግስቱ ሦስታችንም ተሰልፈን ሄድን። «ጋሼ፣ ካሴቱን ተሳስተው ነው የቀዱልን። ይኼ አይረን ሜይደን አይደለም።» ሰውየው ካሴቱን አስገብተው ጥቂት አዳመጡና «እኔ ከሰጡኝ ላይ ነው የቀዳሁት። ዘፋኙን ጉንፋን ይዞት ከሆነ እኔ ምን ላድርግ?» አሉን። ገንዘባችንን አልመለሱልንም።

ጉንፋን የያዘው ሰው ብሌዝ ቤይሊ ነበር። እኛ የምናውቀው ድምፃዊ ብሩስ ዲኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ከባንዱ ወጥቶ ቤይሊ ተተክቷል፤ እኛ ያስቀዳነው እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውን፣ ከቤይሊ ጋር የሠሩትን የመጀመሪያ አልበም ነው። በይነመረብ የለ፣ መጽሔት የለ፤ የዲኪንሰንን መሄድ የሰማነው እ.ኤ.አ. በ1999 ከመመለሱ ወሬ ጋር በአንድ ቀን ነው። መርዶውንና የምሥራቹን አንድ መልእክተኛ እንዳመጣቸው ቁጠረው።

ይህን የማወራህ በምክንያት ነው። ዛሬ አድናቂ ሲከፋፈል የምንወቅሰው ወሬውን፣ ስድድቡንና ማኅበራዊ ሚዲያውን ነው። እኛ ዘንድ ግን አንዳቸውም አልነበሩም። ስለ ለውጡ የነገረን ሰው ሳይኖር ጆሯችን ብቻውን ተቆጣ። ታዲያ የተቆጣው በምን ነበር? በድምፁ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ የልክ ጉዳይ መሆኑ የገባኝ እኔው ራሴ ባንድ ውስጥ ገብቼ ስቃጠል ነው።

ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ጊታር እጫወት ነበር። የልምምድ ቤታችን እሪ በከንቱ ነበረ፤ ለሄቪ ሜታል ባንድ ከዚህ የተሻለ የሰፈር ስም ከየት ይመጣል! ጎረቤቶቻችን ግን በስሙ ሲስቁ አላየኋቸውም። ሥራችን የታወቁ ባንዶችን ዘፈን መጫወት ነበር። ድምፃዊያችን ቀጭንና ከፍ ያለ ድምፅ ነበረው፣ እንደ ምላጭ የሚሰነጥቅ። ዲቪ ደረሰውና አሜሪካ ሄደ። በምትኩ ያገኘነው ልጅ በምሽት ክበብ ትዝታና አንቺ ሆዬ ሲዘፍን የኖረ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ማንቆርቆር የሚችል ነበር። እኛ ጅሎቹ የሄደውን ልጅ ስድስት ዘፈኖች በነበሩበት ከፍታ አስጠናነው።

አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ አዳራሽ ስድሳ በሚሆን ሰው ፊት አቀረብነው። በሦስተኛው ዘፈን ድምፁ ተሰበረ። ከኋላ አንዱ የቀድሞውን ልጅ ስም ጠርቶ «ከአሜሪካ በስልክ አስዘፍኑት!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ ሳቀ፤ ጥቂቶች ተነሥተው ወጡ። ልጁ እስከ መጨረሻው ቆመ። ያን ምሽት ሳስታውስ እስከ ዛሬ የማፍረው በእርሱ አይደለም፣ በራሳችን ነው።

ከዚያ በኋላ ጊታሮቹን በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገን ቃኘን። ለእርሱ ብለንም ሁለት ዘፈን ሠራን፣ አንዱን በባቲ ቅኝት። በሚቀጥለው ዝግጅት ያ ከኋላ የጮኸው ሰው መጥቶ ነበር። ሲያልቅ ወደ እኔ ቀረበና «የድሮዎቹን አታስነካው፤ የራሱን ግን ይዝፈን» አለኝ። ከአድናቂ አፍ ከዚህ የበለጠ ፍርድ ሰምቼ አላውቅም። ሁለተኛም ነገር አየሁ፤ የቀድሞውን ልጅ ፈጽሞ ሰምተው የማያውቁ አዲስ መጪዎች ነበሩ። እነርሱ የሚያወዳድሩት ስላልነበራቸው ዝም ብለው ጨፈሩ። ባንድ ድምፃዊ ሲቀይር የሚያድነው ብዙ ጊዜ እንደነዚህ ያለው አዲስ ሰው ነው፤ የቆየውን አድናቂ አስታርቆ የሚያመጣውም እርሱ ነው።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ልመለስ። አይረን ሜይደን በቤይሊ ላይ የሠራው እኛ በዚያ ልጅ ላይ የሠራነውን ነው። የሰውየው ድምፅ ከዲኪንሰን ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ የዲኪንሰንን ዘፈኖች በዚያው ከፍታ መድረክ ላይ አስዘፈኑት። እ.ኤ.አ. በ1992 እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ የወጣ አልበም የነበረው ባንድ፣ በ1998 የቤይሊ ሁለተኛ አልበም 16ኛ ላይ ቆመ። ዘፈኖቹ መጥፎ ነበሩ እንዳትል፤ ዲኪንሰን ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 በሪዮ መድረክ ላይ ከቤይሊ ዘመን ሁለቱን ዘፍኗል፤ ሕዝቡ ከሌሎቹ ሳይለይ አብሮ ዘምሯል። አንደኛው ያ በመነኮሳት ዜማ የሚጀምረው፣ እኛ የተሳሳተ ካሴት ያልነው ዘፈን ነው።

ብላክ ሳባዝን ደግሞ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1979 ድምፃዊውን ኦዚ ኦዝበርንን አሰናብተው ሮኒ ጄምስ ዲዮን ሲያመጡ ነገሩ ያበቃ መስሎ ነበር። በኦዚ ዘመን ዜማው አብዛኛውን ጊዜ ጊታሩን ተከትሎ ይሄዳል፤ ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ በክሩ ያለውን ኦዚ በአፉ ይደግመዋል። «አይረን ማን» የሚለውን ዘፈናቸውን ብታዳምጥ ወዲያው ይገባሃል። ዲዮ ግን ጊታሩን አይከተልም፤ በላዩ ላይ የራሱን ዜማ ይዘረጋል። ባንዱም ይህን አይቶ አሠራሩን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው አልበማቸው ለዲዮ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ነው። በእርግጥ «ያለ ኦዚ ሳባዝ የለም» የሚሉ ዛሬም አሉ፤ እስኪሞቱ ይላሉ፣ ይበሉ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልህ። አሁን በየኮንሰርቱ ሌባ ጣትንና ትንሿን ጣት ቀስረን የምናሳየው የቀንድ ምልክት፣ በሄቪ ሜታል ዓለም የተስፋፋው በዚሁ በተተኪው ሰው ነው። ኦዚ በሁለት ጣቱ የሰላም ምልክት ያሳይ ስለነበር ዲዮ የራሱ የሆነ ነገር ፈለገ፤ ከጣሊያናዊት አያቱ ያየውን ወሰደ። አሮጊቷ ምልክቱን የሚያሳዩት የሰው ዓይን እንዳይጎዳቸው፣ በእኛ ቋንቋ ከቡዳ ለመጠበቅ ነበር። እናቴ ይህን ብታውቅ ኖሮ ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩትን ፖስተር ባልቀደደችው።

ጁዳስ ፕሪስት በተቃራኒው መንገድ ሄደ። ድምፃዊው ሮብ ሃልፎርድ ከወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወሰዱት ቲም ኦወንስ የእነርሱኑ ዘፈኖች አስመስሎ የሚጫወት ባንድ ድምፃዊ ነበር። የሃልፎርድን ጩኸት ቁልጭ አድርጎ ያወጣዋል። መድረክ ላይ የድሮ ዘፈን ሲዘፍን ማንም አያማርርም፤ ነገር ግን የሰው ወርቅ አያደምቅምና ሃልፎርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲመለስ ብዙው ሰው እፎይ አለ። እኔ በበኩሌ ለኦወንስ አዝናለሁ። ሰውየው ሥራውን በትክክል ሠርቷል።

የቀድሞው ድምፃዊ አወጣጥም ትልቅ ነገር ነው። ኤሲ/ዲሲ (ሄቪ ሜታል ነው አይደለም የሚለው ክርክር ይቆየን) ድምፃዊው ቦን ስኮት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1980 ሲሞት ብራያን ጆንሰንን ይዘው በዚያው ዓመት ጁላይ አልበም አወጡ። ሽፋኑ ጥቁር ነው፣ የኀዘን። አድናቂው እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አብሮ ስላዘነ አዲሱን ሰው እንደ ወራሽ ሳይሆን እንደ አስተዛዛኝ ተቀበለው። አልበሙም በዓለም እጅግ ብዙ ከተሸጡት አንዱ ሆነ። ናይትዊሽ ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ድምፃዊቷን ታርያ ቱሩነንን ከአንድ ትልቅ ኮንሰርት በኋላ በግልጽ ደብዳቤ አባረሯት። ደብዳቤውን ዓለም ሁሉ አነበበው። ከዚያ የመጣችው አኔት ኦልዞን እንደ እንጀራ እናት ታየች፤ ፈገግ ብትልም ጥፋት፣ ብታዝንም ጥፋት። እ.ኤ.አ. በ2012 ፍሎር ያንሰን ስትተካ ግን ቁጣው አለቀ። ችሎታዋ የማያጠያይቅ ነው፤ የሁለቱንም ዘፈን ትዘፍናለች። ግን ደግሞ ድንጋዩን ሁሉ አስቀድማ አኔት ተቀብላላታለች።

«የእኛ ሰዎች ብቻ ናቸው?» ላልከው፣ እኛን የሚለየን አንድ ነገር ብቻ ነው። ያደግነው የካሴት ሽፋን ላይ የድምፃዊው ፎቶግራፍ ጎልቶ፣ ከሥር «በሮሃ ባንድ ታጅቦ» ተብሎ ሲጻፍ እያየን ነው። ሮሃም ዋልያስም ስንቱን ድምፃዊ አጅበዋል! ዘፈኑ የድምፃዊው ነው፣ ባንዱ ያጅባል። በሄቪ ሜታል ግን ቤቱ የባንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጊታሩን ወይም ባሱን የያዘው ሰው ነው ባለቤቱ። ስለዚህ ድምፃዊ ሲወጣ እኛ ባለቤቱ ከቤቱ የተባረረ ይመስለናል።

ስም ይለወጥ ለሚሉት ጓደኞችህ ይህን ንገራቸው። እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ አዮሚ፣ ጊዘር በትለር፣ ቪኒ አፒስና ዲዮ እንደገና ሲሰባሰቡ ብላክ ሳባዝ አልተባሉም፤ ሳባዝ ከዲዮ ጋር በሠራው በዚያ በ1980ው አልበም ስም ሄቨን ኤንድ ሄል ተብለው ዞሩ፣ ዲዮ እ.ኤ.አ. በ2010 እስኪሞት ድረስ። በትኬቱ ላይ ሳባዝ ስላልተባለ «አይረን ማን»ን ይዘፍንልናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ዲዮም የራሱን ብቻ ዘፈነ። ስም መለወጥ የሚጠቅመው የድሮውን ዘፈን ለመተው የቆረጠን ባንድ ነው። የድሮውን እየዘፈኑ ስም መለወጥ ግን ትርፉ ግራ መጋባት ነው።

ደብቀህ የምታዳምጠውን አልበም በሚመለከት፣ አንድ ነገር ብቻ ፈትሽ፦ ዘፈኖቹ ለአዲሱ ሰው የተሰፉ ናቸው ወይስ የቀድሞውን ኮት አልብሰውታል? ለዚህ ዳኛ የሚሆነው ደግሞ ባንዱን የማያውቅ ሰው ነው። የእኔ ዳኛ እናቴ ነበረች። ዲኪንሰንን በግድግዳ በኩል ስትሰማ «ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?» ትል ነበር። ቤይሊን የሰማች ዕለት ግን በሩን ከፍታ «ይኼኛው ደግሞ ምን ደርሶበት ነው? ያሳዝናል» አለችኝ። ሦስት የአይረን ሜይደን አድናቂዎች ሙዚቃ ቤት ድረስ ሄደን ስንጨቃጨቅ፣ ሰውየውን በትክክል የሰማችው እሷ ናት። አልበሙ እውነትም የኀዘን አልበም ነው፤ ከሁሉም አልበሞቻቸው አሁን እኔ ደጋግሜ የምከፍተው እርሱን ነው።

ካሴቱ አሁንም አለኝ፤ ሰማያዊው ጽሑፍ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ ከምንገናኝበት ሻይ ቤት ከመጣህ ይዤልህ እመጣለሁ። ማጫወቻውን ግን አንተ ፈልግ።