ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ

ልጆቼ፣

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያና በመርሳ ላብራቶሪዎች ዲዩቲ የጀመራችሁ ወጣቶች፣ አንድ አደራ አለኝ። መርዛማ አልኮል ጠጥቷል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ደም ሲመጣላችሁ፣ ማሽኑ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መቼ ጠጣ? ደሙስ መቼ ተቀዳ? ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ድንገተኛ ክፍል ድረስ ሄዳችሁ አስታማሚውን አነጋግሩ።

በእኛ አገር መጠጥ ነውር የሆነበት ቤት ብዙ ነው። አባትየው ሰው ፊት «ልጄ አይጠጣም» ይላሉ። አታፋጥጧቸው። ለብቻቸው ጥሯቸውና «አብሽሩ አባቴ፣ ለሕክምናው ብለን ነው» በሏቸው። እንዲያ ሲሆን ይናገራሉ።

ሰዓቱ ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? መርዛማውን አልኮል፣ ሜታኖልን፣ ጉበት መጀመሪያ ወደ ፎርማልዲሃይድ፣ ቀጥሎ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይቀይረዋል። ዓይን የሚያጠፋውና ደሙን አሲዳም የሚያደርገው ይህ አሲድ ነው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሳይታይ ይቆያል። አብሮ አረቄ ከተጠጣ ደግሞ ጉበት ኤታኖሉን (የአረቄውን አልኮል) ስለሚያስቀድም ከዚያም ይዘገያል። በጥር ሰርግ ማታ የጠጣ ሰው ጠዋት እየሳቀ ቡና ሊጠጣ ይችላል።

(የእናቶቻችንን አረቄ መውቀስ አልወድም። በቤት አረቄ ውስጥ ያለው ሜታኖል አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው፤ ብዙ ሰው በአንዴ የሚፈጀው የፋብሪካ ሜታኖል መጠጥ ውስጥ ሲገባ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ሰሞን ኢራን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተውበታል።)

ሜታኖልን ለይቶ የሚለካው ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚባለው ማሽን ነው። እሱ ከሌለ ናሙናው ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ እስኪደርስ ዓይን አይጠብቅም። ግን በእጃችሁ ባለው ብዙ ትሠራላችሁ። ኦስሞሜትር (ደም ውስጥ የሟሙ ነገሮችን ጠቅላላ መጠን የሚለካ ማሽን) ካለ ሶዲየምን በ2 አባዙ፤ ስኳሩን ለ18፣ ዩሪያ ናይትሮጅኑን ለ2.8 አካፍላችሁ (ሁለቱም በሚ.ግ/ዴ.ሊ. ሲለኩ) ደምሩበት። ማሽናችሁ የሚሰጠው ዩሪያ ከሆነ ለ6 አካፍሉ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሶዲየም 140፣ ስኳር 90፣ ዩሪያ ናይትሮጅን 14 ከሆነ 290 ይመጣል። ኦስሞሜትሩ 350 ካነበበ 60 የሚያህል ያልተቆጠረ ነገር ደሙ ውስጥ አለ። ይህ ኦስሞላር ጋፕ ነው፤ ከ10 ካለፈ ያሳስባል። ኦስሞሜትሩ በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ ከሆነ ግን አትመኑት፤ አልኮሉ ስለሚተን አያየውም። ኦስሞሜትር ከሌለ ደሙ ውስጥ አሲድ መከማቸቱን የሚጠቁም አኒየን ጋፕ የሚባል ስሌት አለ፦ ከሶዲየም ላይ የክሎራይድና የባይካርቦኔትን ድምር ቀንሱ። 140፣ 100 እና 8 ከሆኑ 32 ነው፤ ጤናማው 12 ገደማ ነው።

እንግዲህ ሰዓቱ እዚህ ይገባል። በመጀመሪያ ሰዓታት ሜታኖሉ ገና ስላልተቀየረ ኦስሞላር ጋፑ ሰፍቶ አኒየን ጋፑ ደህና ይመስላል። ሲውል ሲያድር ግልባጩ ይሆናል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ «ኖርማል» ስለሆነ ብቻ ሰውየውን ነጻ አታውጡ፤ ውጤቱ ላይ ከጠጣ ስንት ሰዓት እንደሆነው ጻፉ። በሌላ በኩል የስኳር ሕመምተኛ ደም ውስጥ የሚጠራቀመው አሲድ፣ ኬቶንም፣ አኒየን ጋፕን ከፍ ያደርጋል፤ ኬቶኑን ሳታዩ አትደምድሙ።

ደሙ ሲቀዳ ቆዳውን በአልኮል ጥጥ አትጥረጉ። ቱቦው እስከ መጨረሻው ተከድኖ ይቆይ። ለኦስሞሜትሩ ልኬት የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ጨው ያለበት) ቱቦ አይሆንም፤ ሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየውን ፈሳሽ) ተጠቀሙ። ኤታኖል ለመድኃኒትነት ከተሰጠ በኋላ ኦስሞላር ጋፑ ስለሚዛባ ከሕክምናው በፊት የተቀዳውን ደም ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ውጤቱንም ወረቀት እስኪወሰድ ሳትጠብቁ ለተረኛው ሐኪም ደውላችሁ ንገሩ፤ ማርከሻውን፣ ፎሜፒዞል ወይም ኤታኖል፣ መጀመርም ሆነ ወደ ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) መላክ የሚወሰነው በዚያ ሰዓት ነው።

ከጠርሙስ ብቻውን የጠጣ ሰው እምብዛም አይገጥማችሁም። አብረው የጠጡት እነማን እንደሆኑ አስታማሚውን ጠይቃችሁ ለሐኪሙ አሳውቁ። «እኛ ደህና ነን» ቢሉም በዚያው ቀን ይምጡና ደማቸው ይታይ፤ የተረፈውንም መጠጥ ከነጠርሙሱ፣ ክዳኑን አጥብቀው ይዘው ይምጡ።