«ይህን ማን ረዳሽ?» ሲሉሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንግሊዝ አገር ማስተርስ ከጀመርሽ ሦስት ወርሽ ነው። በግሩፕ ሥራ አንቺ ያልሽውን ማንም አይሰማም፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላው ሲደግመው «ጥሩ ሐሳብ» ይባላል። አንዱ አስተማሪ ደግሞ በሰው ፊት «ይህን ጽሑፍ ማን ረዳሽ?» ብሎሻል። ልቻለው ወይስ አቤት ልበል፣ ቪዛዬስ ችግር አይገጥመውም ወይ ነው ያልሽው።

እኔም እዚያው አገር ነው የተማርኩት። ለኔ የመጣው በፈገግታ ነበር። «እንግሊዝኛሽ ይገርማል፤ እውነት አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለኝ አንዱ አስተማሪዬ። ክው አልኩ። ምን ብዬ መለስኩ መሰለሽ? «አመሰግናለሁ።» ያቺ «አመሰግናለሁ» እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

ያው ሰውዬ ሁለት ወር ሙሉ በሌላ ልጅ ስም ነበር የሚጠራኝ። ክፍሉ ውስጥ ጥቁር እኔና እሷ ብቻ ነበርን። የመጣንበት አገር ሌላ፣ ቁመታችን ሌላ፣ ፀጉራችን ሌላ። የሌሎቹን ስም አንድም ቀን ሲስት አልሰማሁም። እኔ ግን «ስም መያዝ ይከብደዋል» እያልኩ ጠበቃ ቆምኩለት። የባሰውን ልንገርሽ? መጀመሪያ ላይ ነገሩ እሷን እንጂ እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም። እኛ ሐበሾች ይህች በሽታ አለችብን፤ ንቀቱ ለሌላው ጥቁር እንጂ ለኛ የተላከ አይመስለንም።

ከእንቅልፌ የቀሰቀሰችኝ ራሷ ልጅቷ ናት። ስልኳ ላይ የያዘችውን ማስታወሻ አሳየችኝ። ቀን፣ ሰዓት፣ ክፍል፣ የተባለው ቃል፣ ማን ማን እንደሰማ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ሳለቅስ እሷ ስትጽፍ ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለካ ለዚህም ነው።

ስለዚህ ከክስም ከመቻልም በፊት ጻፊ። የዚያኑ ዕለት ጻፊ። «ዘረኛ ነው» ብለሽ አትጀምሪ፤ የሆነውን ብቻ አስቀምጪ። ከዚያ ለአስተማሪው አጭር ኢሜይል ላኪ፦ «ዛሬ በክፍል ውስጥ ጽሑፌን ማን እንደረዳኝ ጠይቀውኛል። ጥያቄው ከምን እንደተነሳ ቢያስረዱኝ። የሥራዬን ረቂቆች ማሳየት እችላለሁ።» ቁጣ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። መልስ ቢሰጥም ባይሰጥም በአየር ላይ የነበረው ነገር ወረቀት ሆነ። ረቂቆችሽንም አታጥፊ። ሰነዱ ቀን በቀን ሲያድግ የሚያሳየው ታሪክ ያንቺ ምስክር ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የብሪታንያ የእኩልነት ሕግ ዩኒቨርሲቲዎችንም ያስገድዳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በዘር ምክንያት የሚደርስ ትንኮሳ የሚለካው በተናጋሪው ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ ባንቺ ላይ ያመጣው ውጤትም ይታያል። ለነገሩ ያንቺ ስሜት ብቻውን አይበቃም፣ ሁኔታውና ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይሰማው ነበር የሚለውም ይመዘናል። ግን «ቀልዴን ነው» የምትለዋ ቃል በሩን አትዘጋውም። በቅን ልቦና አቤት ያለን ሰው መበቀልም በዚሁ ሕግ የተከለከለ ነው።

የቪዛውን ነገር እኔም ፈርቼው ነበር። አቤቱታ ማቅረብ በራሱ ቪዛሽን አይነካም። ዩኒቨርሲቲው ለሆም ኦፊስ (ቪዛ ለሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) የሚያሳውቀው ትምህርት ማቋረጥሽን፣ ክትትልሽን የመሳሰለውን ነው። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ተናደሽ ወይም አፍረሽ ክፍል መግባት ካቆምሽ ያኔ ነው ጣጣው የሚመጣው። እኔ ሁለት ሳምንት ቀርቼ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። የበደለኝ ሰው እያለ እኔ ራሴ ጥፋተኛ ሆኜ ልገኝ ነበር! ያ ክፍል ቢያስጠላሽም ግቢ።

ከዚያ ወደ ተማሪዎች ማኅበር ሂጂ። በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ የምክር አገልግሎታቸው ከአስተዳደሩ የተለየ ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ስብሰባ ሲኖርሽ አብሮሽ የሚገባ ሰው ይሰጡሻል። ብዙ ቦታ ስም ሳይጠቅሱ በኢንተርኔት ማመልከትም ይቻላል። ግን በስም ያልቀረበ ነገር ብዙ ጊዜ ምርመራ አይከፈትበትም፤ መልስ የምትፈልጊ ከሆነ በስምሽ ነው።

የዩኒቨርሲቲውን የውስጥ አቤቱታ መንገድ ስትጨርሺ የመጨረሻ ደብዳቤ ይሰጥሻል። ኢንግላንድ ወይም ዌልስ ከሆንሽ፣ ያንን ይዘሽ በ12 ወር ውስጥ የተማሪዎችን አቤቱታ ለሚያየው ለከፍተኛ ትምህርት ገለልተኛ ዳኛው ቢሮ (OIA) ማመልከት ትችያለሽ፤ ነፃ ነው። ፍርድ ቤት ግን ነገሩ ከደረሰብሽ ቀን ጀምሮ በመደበኛው 6 ወር ነው የሚሰጥሽ፣ ቀኑን አታስረዝሚው። አንድ የማስጠነቅቅሽ ነገር፦ «ማርኬ ያንሳል» ብለሽ አትሂጂ። ለጽሑፍሽ ምን ያህል ይገባዋል የሚለው የመምህሩ ሙያዊ ፍርድ ነው፣ ቢሮውም አይገባበትም። «ከሌሎች ተለይቼ ተጠረጠርኩ፣ አካሄዱ ትክክል አልነበረም» ካልሽ ግን ይሰሙሻል። እኔ ይህንን ሳላውቅ የመጀመሪያ ደብዳቤዬን በማርክ ሞልቼው ተመለሰብኝ።

የአገሪቱ የእኩልነትና የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከአናሳ ብሔረሰብ ተማሪዎች 24 በመቶው የዘር ትንኮሳ ደርሶብናል ብለዋል። ትንኮሳ ከደረሰባቸው ተማሪዎች ሁለት ሦስተኛው ለዩኒቨርሲቲው አልተናገሩም። እኔም ለአንድ ዓመት ያህል ከነሱ አንዷ ነበርኩ።

የግሩፑ ጉዳይ ለየት ይላል፣ በዚህኛው ወደ አቤቱታ አትሩጪ። ሐሳብሽን ከስብሰባው በፊት በግሩፑ ቻት ላይ ጽፈሽ ላኪ። ሌላው ሲደግመው «አዎ፣ ጠዋት የላክሁትን ማለትህ ነው፤ ልቀጥልበት» በይ። እየሳቅሽ በይው። ሥራ ሲከፋፈልም ስላይድ ማስዋብ ብቻ ሲሰጡሽ ዝም አትበይ፣ ከባዱን ክፍል ቀድመሽ ስጡኝ በይ። አንዳንዱ ሰው ክፉ ሳይሆን ማን እንደሚያወራ ልብ ብሎ የማያውቅ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ክፉ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ትለያቸዋለሽ።

የኔ አቤቱታ ምን ሆነ ትይ ይሆናል። ከልጅቷ ጋር አብረን አስገባን። ማርኬ አልተለወጠም። በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቁን፣ የቀሩትን ሥራዎቻችንን ሌላ መምህር እንዲያርማቸው ተደረገ። ትልቅ ድል ነው አልልሽም። ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ ስማችንን አልተሳሳተም።

ደግሞ ሳልረሳው፦ ማስታወሻዬን በአማርኛ ነበር የጻፍኩት። አቤቱታው ሲመጣ ለመተርጎም አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ፣ እሱ ያለውን ትክክለኛ ቃልም ግማሹን ረስቼው ነበር። አንቺ ስሜትሽን በፈለግሽው ቋንቋ ጻፊ፤ የሰውየውን ቃል ግን እንዳለ በእንግሊዝኛ አስቀምጪው።