የመዋኛ ገንዳው ፓምፕ ተነስቶ ለምን ይቆማል?

ቢሾፍቱ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድሩ አንባቢ እንዲህ ብለው ጠይቀዋል፦ የመዋኛ ገንዳቸው ፓምፕ ባለ 3 ፌዝ (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ)፣ 2.2 ኪሎዋት ነው። መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ እያጉረመረመ ይሞክራል፣ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይቆማል፣ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ደግሞ ይሞክራል። ያየላቸው ባለሙያ «ኦቨርሎዱን (አምፔር ከልክ ሲያልፍ ፓምፑን የሚያቋርጠውን መከላከያ) ከፍ እናድርገው» ብሏቸዋል።

ወንድሜ፣ ኦቨርሎዱን ማንም እንዳይነካው። ፓምፑን አሁኑኑ ከዋናው ብሬከር ያጥፉት። ኦቨርሎዱ ከፍ ካለ ማቋረጡን ይተዋል፣ ዲናሞው (የፓምፑ ሞተር) ግን ውስጥ ውስጡን ይቃጠላል። መጠኑ የሚስተካከለው ዲናሞው ላይ በተለጠፈው ሳህን በተጻፈው አምፔር ብቻ ነው፤ ለእርስዎ ዲናሞ 5 አምፔር አካባቢ ይሆናል።

የነገሩኝ ምልክት አንድ ፌዝ እንደጎደለ ያሳያል። በሦስት ፌዝ የሚሠራ ዲናሞ ሁለት ብቻ ሲደርሰው መነሳት ያቅተዋል፣ ያጉረመርማል፣ በሁለቱ በኩል የሚያልፈው አምፔር ከልክ በላይ ይጨምራል። ኦቨርሎዱ ማቋረጡ ሥራውን መሥራቱ ነው። ራሱ ተመልሶ የሚሞክረው ደግሞ የሪሴት ቁልፉ አውቶማቲክ ላይ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም፤ ማንዋል ላይ ይደረግ። በየሙከራው ዲናሞው እየጋለ ነው።

ፌዝ ከጎደለ ኮንታክተሩ (ኃይሉን ከዲናሞው ጋር የሚያገናኘው ማብሪያ) እንዴት ይስባል? ብዙ ቦታ ኮይሉ (ኮንታክተሩን የሚስበው ጥቅልል) 220 ቮልት የሚያገኘው ከአንድ ፌዝና ከኒውትራል ነው። ያ ፌዝ ካለ ይስባል፤ የሌሎቹን መኖር አያውቅም።

አሁን ባለሙያው መልቲሜትር ይያዝ። በቴስተር ካቻቢቴ መለየት አይቻልም፤ ዲናሞው እየዞረ ከሆነ በጎደለው ፌዝ ላይ ራሱ ቮልት ስለሚያመነጭ መብራቷ ትበራለች፣ ሰውም ይሳሳታል። ስለዚህ ብሬከሩ በርቶ፣ ፓምፑ ግን ቆሞ፣ በኮንታክተሩ መግቢያ ላይ ሦስቱን ፌዝ ጥንድ በጥንድ ይለካ። ሦስቱም 380 እስከ 400 ቮልት ካልሆኑ ችግሩ ከፊውዙ፣ ከብሬከሩ ወይም ከቆጣሪው ወዲያ ነው። ሦስቱም ሙሉ ከሆኑ ፓምፑን ለጥቂት ሴኮንድ ያስነሳና የአንዱን ፌዝ መግቢያና መውጫ በመልቲሜትሩ ሁለት ጫፍ ይንካ፤ በተራ ሦስቱንም። ጤነኛው ከዜሮ ብዙ አይርቅም። ቮልት የሚያሳየው መገናኛው የተቃጠለው ነው።

እኔ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም ክሎሪን። ሐዋሳ ውስጥ አንድ ማረፊያ ሁለት ጊዜ ዲናሞ ካስጠቀለለ በኋላ ጠርተውኝ ነበር። ኮንታክተሩን ስፈታው የአንዱ ፌዝ መገናኛ ከስሎ፣ የሽቦዎቹ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት አብቅሎ አገኘሁት። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ሥር የክሎሪን በርሜልና የአሲድ ጀሪካን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጭሳቸው መዳብን ይበላል። ሁለቱ ቢቀላቀሉ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል! እርስዎም ጋ እንዲህ ከሆነ ዛሬ ይለያዩአቸው፣ ሁለቱንም ከፓምፕ ክፍሉ ያውጡ፣ የሳጥኑ የሽቦ ማስገቢያ ቀዳዳዎችም በደንብ ይደፈኑ።

የተቃጠለ ኮንታክተር በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፈግም፤ ይቀየር። ከመቀየሩ በፊት የዲናሞው ሦስት ጥቅልሎች ኦም እኩል መሆኑ፣ በ500 ቮልት ሜገርም (ኃይል ወደ መሬት ማፍሰሱን በሚለካው መሣሪያ) ወደ ግራውንድ ከ1 ሜጋኦም በላይ መሆኑ ይረጋገጥ። አብሮም የፌዝ መጉደልንና መገለባበጥን የሚጠብቅ ሪሌይ ከኮይሉ መስመር ላይ ይግባ። ፌዝ ሲጎድል ኮንታክተሩ ጭራሽ አይስብም።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ውኃው ውስጥ ሰው አይኑር። ባለ 30 ሚሊ አምፔር ሳልቫቪታ (ኃይል ወደ መሬት ሲያፈስ የሚያቋርጠው) ካለ በሙከራ ቁልፉ ይፈተሽ፣ ከሌለ ሳይገጠም ገንዳው አይከፈት። በመጨረሻ ፓምፑ ሲነሳ ዲናሞው ላይ ባለው ቀስት አቅጣጫ መዞሩን ይዩ፤ ወደ ኋላ ከዞረ ዋናው ጠፍቶ ከሦስቱ ፌዝ የሁለቱ ቦታ ይቀያየር።