ሙያ በልብ ቢባልም ቱርቦህን ደብተር ላይ ጻፈው

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ዕድሜዬ 22 ነው። ከእናቴ ጋር አሜሪካ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ቀን ኖቫ ኮሌጅ እማራለሁ፤ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ። የ1992 ማዝዳ ሚያታ አለችኝ፤ ሥራ የምሄደውም በእሷ ነው። ከጃንክያርድ ያገለገለ ቱርቦ ገዝቼ፣ ማኒፎልዱን ራሴ በይጄ ልገጥምላት አስቤአለሁ። 4,000 ዶላር አጠራቅሜአለሁ። አባቴ አዲስ አበባ 30 ዓመት ጋራዥ የሠራ መካኒክ ነው። ስነግረው ‹ሞተሩን ትበላዋለህ› ብሎ ተቆጣኝ። ይሄ ነገር ሥራ ሊሆነኝ ይችላል? የሚቀጥለውን ሴሚስተር ትቼ ብሩን መኪናዋ ላይ ባውለውስ? ደግሞስ መካኒክ ልሁን ወይስ ኢንጂነር?»

ለነገሩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ፦ ቱርቦ በሞተሩ ጭስ ኃይል እየዞረ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ ነው። ማኒፎልዱ ጭሱን ከሞተሩ ተቀብሎ ወደ ቱርቦው የሚያደርሰው ቱቦ ነው። ጃንክያርድ የአሮጌ መኪና ዕቃ የሚሸጥበት ግቢ ነው፤ ኖቫ ደግሞ የሰሜን ቨርጂኒያ ማኅበረሰብ ኮሌጅ ነው። ወንድሜ፣ ከመሃለኛው ጥያቄ ልጀምር። ምዝገባ ቀኑን ጠብቆ ይዘጋል። የትምህርቱን ብር አትንካ። ያገለገለ ቱርቦ ዛሬ ባይገኝ በሚቀጥለው ወር ይገኛል። ያቋረጡት ሴሚስተር ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሴሚስተር እየጎተተ ይሄዳል። «አንድ ጊዜ ብቻ ልረፍ» ብለው ወጥተው ሦስት ዓመት የቀሩ ልጆች አውቃለሁ። ሰነፎች አልነበሩም። የቤት ኪራይና የመኪና ወጪ ያዛቸው።

«ሥራ የምሄደውም በእሷ ነው» ያልከው ደግሞ ከቱርቦው በላይ አሳሰበኝ። የ30 ዓመት መኪና ጭስ ማውጫ የታሰረበት ብሎን ዝጎ ተጣብቋል። እሑድ ጠዋት ልትፈታው ስትታገል ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ይሰበራል። እሱን ሰርስሮ ማውጣት ብቻ ቀኑን ይፈጃል። ሰኞ ማታ ደግሞ ሥራ አለህ። ስለዚህ ከ4,000 ዶላሩ መጀመሪያ ትምህርቱ ይውጣ። ቀጥሎ መጓጓዣህ ይውጣ፤ ብዙ የማትጠይቅ አሮጌ ኮሮላ ትሁን ወይም የአውቶቡስና የባቡር ካርድ። ለሚያታዋ የሚተርፋት የቀረው ነው። ትንሽ ከሆነ ሥራው ይዘገያል። ይዘግይ።

አሁን ወደ ዋናው። ሥራ ይሆናል ወይ? ይሆናል፣ የሠራኸውን በቁጥር ማስረዳት ከቻልክ። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት አንድ የከባድ መኪና ጥገና ድርጅት ውስጥ ሠራተኛ ሲቀጠር ከጠያቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። አንድ ቀን ሁለት ልጆች ተከታትለው ገቡ። የመጀመሪያው ስልኩን አውጥቶ ራሱ ቱርቦ የገጠመላትን መኪና አሳየን። ብየዳው ያምራል። የክፍሉ ኃላፊ «ነዳጁ እንደሚበቃት በምን አወቅህ?» አለው። «ጥሩ ትሄድ ነበር» አለ። ሌላ የሚለው አልነበረውም። ሁለተኛው ዘይት የነካው ደብተር ይዞ መጣ። የእሱ ሞተር ተቃጥሏል። ግን የትኛው ፒስተን እንደቀለጠ፣ በስንት ዙር እንደሆነ፣ የነዳጁ ግፊት በዚያች ሰዓት ስንት ላይ እንደወረደ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደቀየረ ቀን በቀን ጽፎታል። የተቀጠረው እሱ ነው።

ሙያ በልብ ነው እየተባልን አድገናል። ቀጣሪ ፊት ስትቀመጥ ግን በልብህ ያለውን የሚያይልህ የለም።

ደብተሩን ዛሬ ጀምር፤ ቱርቦውን ሳትገዛ። የአንተ ሚያታ ሞተር 1.6 ሊትር ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲሸጥ 116 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አሁን አስላ። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ነው አየር የሚስበው። በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር 1.6 ሊትሩን 3,000 ጊዜ ይስባል፤ 4,800 ሊትር ማለት ነው። ሲሊንደር ሙሉ በሙሉ ስለማይሞላ 85 በመቶውን ያዝ፤ 4,080 ይሆናል። በባሕር ወለል አንድ ሊትር አየር ወደ 1.2 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ሞተርህ በደቂቃ 4.9 ኪሎ አየር ይተነፍሳል። በደቂቃ አንድ ኪሎ አየር በግምት 22 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። 4.9 በ22 ሲባዛ 108 ነው። ከፋብሪካው ቁጥር ጋር ምን ያህል እንደተቀራረበ አየህ? እኔ መጀመሪያ ሳሰላው በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ተራው የአየር ግፊት አንድ ባር ያህል ነው። ቱርቦው ተጨማሪ 0.5 ባር ቢገፋ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። የተጨመቀ አየር ግን ይሞቃል። አየሩን መልሶ የሚያቀዘቅዘውን ኢንተርኩለር ብታስገባም የተወሰነ ጥቅም ይቀንስብሃል። በደቂቃ 6.8 ኪሎ አየር ያዝ፤ ወደ 150 የፈረስ ጉልበት ነው። ቀጥሎ ነዳጁ። ቱርቦ ሲገፋው የቤንዚን ሞተር ለ12 ኪሎ አየር አንድ ኪሎ ያህል ቤንዚን ይፈልጋል። በደቂቃ 570 ግራም አካባቢ፣ በመጠን ሲለካ 770 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ለአራት ኢንጀክተር (ነዳጅ መርጫ) ሲካፈል ለእያንዳንዱ 190 ይደርሰዋል። ኢንጀክተር ከ80 በመቶ በላይ ክፍት ሆኖ እንዲሠራ አይፈለግም። ስለዚህ እያንዳንዱ በደቂቃ 240 ሚሊ ሊትር የመርጨት አቅም ሊኖረው ይገባል። ያንተዎቹ ስንት ይረጫሉ? አውጥተህ አስለካቸውና ጻፈው። ካነሱ ትላልቅ ኢንጀክተርና ነዳጁን የምታዝበት ኮምፒውተር ከቱርቦው በፊት ይገዛሉ። ብዙ ልጅ ብሩን ቱርቦው ላይ ጨርሶ እዚህ ሲደርስ እጁ ባዶ ይሆናል። ከዚያ ባለው ነዳጅ ይሞክራታል። ሞተር የሚበላው ያኔ ነው።

እንዴት እንደሚበላ ልንገርህ፤ አባትህ የተቆጣው በዚህ ነው። ነዳጅ ሲያንስ ወይም ካንዴላው ቀድሞ ሲተኩስ የቀረው ድብልቅ ከጊዜው በፊት በራሱ ይፈነዳል። ሞተሩ ያንኳኳል። የፒስተኑ ጠርዝ ይሰበራል፣ አናቱ ይቀልጣል። ይህ ችግር ከቱርቦ መኪና ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ባለ ቱርቦ የቤት መኪኖች አንዷ ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ነበረች፤ 215 የፈረስ ጉልበት። እንዳታንኳኳ የውሃና የሜታኖል ድብልቅ ከተለየ ታንክ ወደ ሞተሩ ይረጭ ነበር። ብዙ ባለቤቶች ያንን ታንክ መሙላት ይረሱ ነበር። በመጨረሻ ኩባንያው ራሱ ከብዙዎቹ ላይ ቱርቦውን አውልቆ ተራ ካርቡሬተር ገጠመላቸው። ኢንጂነሮቹ ሒሳቡን አልሳቱም። መኪናውን የሚይዘውን ሰው ነው ያላሰቡት። አንተም ደብተርህ ላይ ለዚህ አንድ ገጽ ተው፦ ማታ ደክሞህ ስትነዳት ምን ትረሳለህ?

አባትህን ቂም አትያዝበት። እሱ ያወቀው ቱርቦ በአብዛኛው የናፍጣ ነው፤ የሲኖ ትራክ፣ የአይሱዙ፣ የሃይሉክስ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ለጭነት መኪና እዚያ ቱርቦ ቅንጦት አይደለም። ናፍጣ ላይ ትርፍ አየር ቃጠሎውን ያቀዘቅዘዋል። ቤንዚን ላይ ግን ለተጨመረው አየር የሚመጥን ነዳጅ ካልተጨመረ ተቃራኒው ይሆናል። የአንተ ሞተር ደግሞ ያለ ቱርቦ እንዲሠራ የተነደፈ ነው። ስለዚህ «ትበላዋለህ» ያለህ ከልምድ ነው፤ ሥራህን ለመናቅ አልመሰለኝም።

እሱ ከማንም በላይ የሚያውቀው ነገር ደግሞ አለ፤ ዘይት። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይዞራል። ኩሽኔታው የሚኖረው በዘይት ላይ እየተንሳፈፈ ነው። መግቢያው ቀጭን ቱቦ ቢሆን ይበቃል። መመለሻው ግን ሰፊ ሆኖ፣ ወደ ታች ብቻ እየወረደ፣ ከዘይቱ ደረጃ በላይ ወደ ሞተሩ የዘይት ቋት መግባት አለበት። የሚመልሰው የራሱ ክብደት ነውና። ቱቦው አንድ ቦታ ሽቅብ ከወጣ ዘይቱ ይጠራቀምና ወደ ጭስ ማውጫ ይሾልካል። ከዚያ ሰማያዊ ጭስ ነው። ይህንን ጠይቀው። ሲነግርህም ቃላቱን ጻፍ። እሱ ጓርኒሲዮን የሚለውን እዚህ ጋስኬት ይሉታል፤ ማርሚታ ያለውን መፍለር። ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፋቸው። የ30 ዓመት እውቀቱ በእጅህ የሚገባው በእሱ ቃላት ነው፤ ፈተና የምትፈተነው ደግሞ በእንግሊዝኛው።

ብየዳውን በተመለከተ፣ አንድ ኮርስ ሳትወስድ ማኒፎልድ አትበይድ። የቤንዚን ሞተር ጭስ ከ800 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል። ብረቱ እየሞቀና እየቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ከብየዳው የተላቀቀች ትንሽ ፍንካች የቱርቦውን ምላጭ ትበላለች። ወፍራም የብረት ቱቦ ምረጥ። በአርጎን ጋዝ የሚሠራውን የቲግ ብየዳ ተማር። ይህ ለብቻው እንጀራ የሚሆን ሙያ ነው።

መካኒክ ወይስ ኢንጂነር? ወር ያህል ከጻፍክ በኋላ ደብተርህን ገልብጠህ እየው። በደስታ የሞላኸው ገጽ የትኛው ነው? ስሌቱና ግራፉ ከሆነ ሒሳብህን እስከ ካልኩለስ ግፋበት። ከኖቫ ወደ ቨርጂኒያ ቴክና ወደ ጆርጅ ሜሰን ለመሸጋገር ስምምነቶች አሉ፤ የኮሌጅ አማካሪህን በዚህ ሳምንት አነጋግር። ቨርጂኒያ ቴክ የፎርሙላ ኤስኤኢ ቡድን አለው። ተማሪዎች ትንሽ የውድድር መኪና ራሳቸው ነድፈው ይሠራሉ። ሞተሩ ከ710 ሲሲ አይበልጥም፤ በቤንዚን ከሆነ አየሩ ሁሉ በ20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ እንዲያልፍ ይገደዳል። ቱርቦ ግን ይፈቀዳል። አንተ ጓሮህ ውስጥ የምትጋፈጠው ጥያቄ ማለት ነው። ቡድኑ ዘንድ ደብተርህን ይዘህ ብትሄድ የምታወራው አታጣም።

ደስ ያለህ መፍታቱ፣ መለካቱ፣ ችግሩን አድኖ ማግኘቱ ከሆነ ደግሞ የኖቫ የአውቶሞቲቭ ትምህርት እዚያው አሌክሳንድሪያ ካምፓስ ይሰጣል። ከዚያ ኤኤስኢ የሚባለው የሙያ ፈተና አለ። ከክፍሎቹ ኤ8 የሞተር አሠራርን ይመለከታል፤ ኤል1 ከእሱ ከፍ ያለው ነው። ሰርተፍኬቱን ለማግኘት የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ ትምህርት ከዚያ ላይ አንዱን ዓመት ሊተካልህ ይችላል። የናፍጣውንም በር አትዝጋ። ማክና ቮልቮ የከባድ መኪና ሞተር የሚሠሩበት ፋብሪካ ሜሪላንድ፣ ሄገርስታውን ነው። ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው የሚሉህ አሉ። እውነት ነው፤ ኢትዮጵያ እንኳ በ2024 እ.ኤ.አ. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ከልክላለች። ሴንሰር ማንበብና ከቁጥር ተነስቶ ችግር መፈለግ ግን ለኤሌክትሪክ መኪናም ያው ነው።

አንድ ነገር ከልቤ ልንገርህ። «ልጄ ኢንጂነር ነው» እና «ልጄ መካኒክ ነው» ስንል ድምፃችን ይለያያል። አባትህ 30 ዓመት ቤተሰብ ያስተዳደረበትን ሙያ አንተ እንደ ውድቀት እንዳታየው። ምርጫህን በዚያ ድምፅ አትምረጥ።

ስለ ሕግ ባጭሩ፦ የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር አታውጣ፤ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ለኢንሹራንስህም ቱርቦ መግጠምህን ሳትደብቅ ንገር። የቨርጂኒያው ዓመታዊ የመኪና ደህንነት ምርመራም አለ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ፣ ስሌቱም ሲያልቅ ቱርቦ መረጣ ሂድ። ቅዳሜ ጠዋት ጃንክያርድ ስትደርስ አዲስ አበባ አመሻሹ ላይ ነው፤ አባትህ ቤት ገብቷል። በቪዲዮ ደውልለት። ዘንጉን በጣትህ ወደ ጎንና ወደ ፊት እያነቃነቅህ አሳየው፤ ምላጩ ግድግዳውን ነክቶ እንደሆነም መብራት አብርተህ አሳየው። «ይሄን ተወው፣ ያንኛውን አንሳ» ይልሃል። የሚልህን ጻፍ።